ብሬቨር ኤንጅልስ፣ ብሪጅ ዩኤስኤ ወይስ ሰስቴይንድ ዳያሎግ? ለተማሪ ክበብ የሚሆነው የቱ ነው

አሜሪካ ውስጥ የፖለቲካ ጎራ የለያያቸውን ተማሪዎች አንድ ክፍል አስቀምጦ ለማነጋገር ያሰበ ክበብ ዛሬ ከዜሮ መነሳት አያስፈልገውም። ተፈትነው መመሪያቸው የተጻፈ አሠራሮች አሉ። ከእነሱ ሦስቱን፣ ብሬቨር ኤንጅልስን፣ ብሪጅ ዩኤስኤንና ሰስቴይንድ ዳያሎግን፣ እዚህ እንመዝናለን፦ ስንት ሰው ይፈልጋሉ፣ ስንት ሰዓት ይወስዳሉ፣ የት ላይ ይበላሻሉ፣ ለምንስ ይበላሻሉ። የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ሲጠቀምባቸው ምን መቀየር እንዳለበትም እንጨምራለን።

ብይናችን ይህ ነው። 10 ሰው ለአንድ ሴሚስተር ሳይበተን ማቆየት የሚችል ክበብ ሰስቴይንድ ዳያሎግን ይያዝ። ይህን የማይችል የብሬቨር ኤንጅልስን ወርክሾፕ በአንድ ከሰዓት ያካሂድ። የብሪጅ ዩኤስኤን ደንቦች ግን የትኛውንም ብትመርጡ ግድግዳው ላይ ለጥፏቸው።

ብሬቨር ኤንጅልስ የተጀመረው በፈረንጆች ዲሴምበር 2016፣ ከትራምፕና ከክሊንተን ምርጫ ማግስት፣ ኦሃዮ ውስጥ ሳውዝ ሌባነን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። 10 የትራምፕና 11 የክሊንተን ደጋፊዎች ተቀመጡ። አሠራሩን የቀረጸው ቢል ዶኸርቲ ሙያው የቤተሰብ ምክር ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ልምምድ ላይ ይታያል። ማን ትክክል ነው የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ይቀመጥና አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያየው ይመረመራል።

ለወርክሾፑ ከ5 እስከ 8 «ቀይ»፣ ማለትም ወደ ሪፐብሊካን የሚያዘነብሉ፣ በቁጥር እኩል የሆኑ «ሰማያዊ»፣ ማለትም ወደ ዴሞክራት የሚያዘነብሉ፣ እና ሁለት የሠለጠኑ አወያዮች ያስፈልጋሉ። አጭሩ 3 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በመጀመሪያ ሁለቱ ቡድኖች ለየብቻ ገብተው ሌላው ወገን የሚለጥፍባቸውን ስም ይዘረዝራሉ፤ አራት አምስት ይበቃል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሁለት ነገር ይጻፋል፦ ሐቁ ምንድን ነው፣ በዚህ ስም ውስጥስ ያለችው የእውነት ፍሬ የቷ ናት? ለምሳሌ ቀዮቹ «ዘረኛ ይሉናል» ብለው ከጻፉ፣ ከሥሩ «ከመካከላችን አንዱ ክፉ ሲናገር ዝም የምንልበት ጊዜ አለ» ብለው መጻፍ ይችላሉ። ከዚያ ተመልሰው ለሌላው ወገን ራሳቸው ያነቡታል። አንድ ሰው ጉድለቱን በራሱ አንደበት ሲያነብ፣ ሊከስሰው የመጣው ሰው የያዘው ዱላ ከእጁ ይወድቃል።

ሁለተኛው ልምምድ የውስጥና የውጭ ክብ ነው። አንዱ ወገን መሐል ይቀመጣል፤ ሌላው ዙሪያውን ከቦ ያዳምጣል፣ ትንፍሽ አይልም። ለመሐሉ ሁለት ጥያቄ ይቀርባል፦ የእናንተ ወገን እሴትና ፖሊሲ ለአገር የሚበጀው ለምንድን ነው? ስለ ራሳችሁ ወገን የሚያሳስባችሁስ ምንድን ነው? ቀጥሎ ቦታ ይለዋወጣሉ። በእኛ ግምት ከሦስቱም አሠራሮች ውስጥ ትልቁ ዕቃ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ጊዜ ያጠረው ክበብ ሁሉንም ትቶ ይህን ብቻ ቢያካሂድ እንኳ አይከስርም። የሚበላሸው አወያዩ ለመጀመሪያው ጥያቄ 20 ደቂቃ ሰጥቶ ለሁለተኛው 5 ሲያስቀር ነው። ሰው ወገኑን ማወደስ ስለማይከብደው ሰዓቱን ሁሉ እዚያ ላይ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሰዓቱን እኩል ክፈሉት፤ ሰዓት ያዡም ከአወያዮቹ ሌላ ሰው ይሁን።

ይህ ወርክሾፕ በጥናት የተፈተነ መሆኑም ይቆጠርለታል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች በአራት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን በዕጣ ለያይተው ሞክረውት፣ ተሳታፊዎቹ ለሌላው ወገን ያላቸው ጥላቻ ረግቦ ተገኝቷል፤ ከለውጡም የተወሰነው ከስድስት ወር በኋላ አልጠፋም።

ጉድለቱ የሰው ቁጥር ነው። ብዙ ካምፓስ ላይ ቀዮቹ አይመጡም፤ ሊፈረድብን ነው ብለው ይሰጋሉና። ፖስተር ለጥፎ መጠበቅ 12 ሰማያዊና 2 ቀይ ያመጣል፤ ያኔ ሁለቱ ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስላቸዋል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ የሚጎድለውን ወገን በአካል ሄዳችሁ በስም ጋብዙ፤ 6 ሰው «እሺ» ሲል ከሌላው ወገን 6 ብቻ መዝግቡ፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው አቆዩ።

ለሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ይህ ወርክሾፕ እንዳለ አይገለበጥም። የተሠራው ለሁለት ጎራ ነው። የእኛ ልዩነት ሁለት መስመር ላይ አይቆምም፤ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ባንዲራ፣ ሁሉም የየራሱ መስመር አለው። ተሰብሳቢውን በግድ ሁለት ቦታ መክፈል ሰው ያልመረጠውን ካባ ማልበስ ነው። የራስን ወገን ስጋት የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ለማንኛውም ቡድን ይሠራል፤ እያንዳንዱ ሰው «ወገኔ» የሚለውን ራሱ ይምረጥ።

ብሬቨር ኤንጅልስ የክርክር አሠራርም አለው፤ ለኮሌጆች ከብሪጅ ዩኤስኤና ከአሜሪካ የባለአደራዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ምክር ቤት ጋር ሆኖ ያካሂደዋል። ተናጋሪው ለሰብሳቢው እንጂ ለተቃራኒው አይናገርም። ጥያቄም በሰብሳቢው በኩል ያልፋል፦ «ሰብሳቢ፣ ተናጋሪዋ እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?» አሸናፊ የለም። በላ ልበልሃን ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ቅርጹ እንግዳ አይሆንበትም፤ ያም ክርክር በዳኛ ፊት ነበርና። ልዩነቱ እዚህ ብይን አለመኖሩ ነው፤ ይህን ሰብሳቢው መጀመሪያ ላይ በግልጽ ካልተናገረ የኛ ሰው መርታት አለብኝ ብሎ ይገባል። ርዕሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ «ይገባል» ወይም «አይገባም» የሚባልበት። «ኢሚግሬሽን» ርዕስ አይደለም፤ «የፌዴራል መንግሥት የተማሪ ብድር ሊሰርዝ ይገባል» ርዕስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደጋፊና ሁለት ተቃዋሚ ተናጋሪዎች ከቀናት በፊት አዘጋጁ። ካላዘጋጃችሁ መጀመሪያ የሚነሳው ሁልጊዜ ድምፁ የሚጮኸው ነው፤ የቀረውም ሰዓት የእሱን ቃና ይዞ ይሄዳል።

ብሪጅ ዩኤስኤ የተማሪዎቹ የራሳቸው ነው። ሥሩ ኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የበርክሌይ ቅርንጫፍ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2017 አንድ ቀኝ ዘመም ተናጋሪ ሊናገር ሲል ግቢው በሁከት ከተናጠ በኋላ የመጣ ነው። አሠራሩ ልል ነው፦ ክብ ወንበር፣ አንድ ርዕስ፣ አንድ አወያይ፣ የፈለገ ይመጣል። ስለዚህ ለመጀመር ቀላል ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ በየሳምንቱ ሰው ስለሚለዋወጥ ከላይ ከላዩ ብቻ የመቅረት አደጋ አለው። ሀብቱ አራቱ ደንቦች ናቸው፦ ለመመለስ ሳይሆን ለመስማት አድምጥ፤ ሐሳቡን እንጂ ተናጋሪውን አትንካ፤ አታቋርጥ፣ ጎን ለጎንም አታውራ፤ የምትወክለው ራስህን እንጂ የትኛውንም ቡድን አይደለም።

አማርኛ በሚነገርበት ክብ ውስጥ አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። «እኛ» እና «እናንተ» ሳይታወቅ ነው ከአፍ የሚወጡት። «እናንተ ሁሌም ታሪክ ታዛባላችሁ» ሲባል አወያዩ ተናጋሪውን አይገሥጽ፤ «ይህን በእኔ ጀምረህ ድገመው» ይበለው። «እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት የአያቴን ታሪክ አያውቀውም» ብሎ ሲመለስ መልስ የሚሰጥበት ሰው ይገኛል። ሌላው እንቅፋት አንቱታ ነው። ክቡ ውስጥ አንድ የዶክትሬት ተማሪ «እርስዎ» ሌሎቹ «አንተ፣ አንቺ» እየተባሉ ከቀጠሉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በሦስተኛው ዙር ዝም ይላሉ። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ወስኑ፦ ወይ ሁሉም በስምና በአንተ አንቺ፣ ወይ ሁልጊዜ ታናሽ ቀድሞ ይናገር።

ሰስቴይንድ ዳያሎግ ጊዜ የሚወስደውና የምናደላለት ነው። ያመነጨው ሃሮልድ ሳውንደርስ የአሜሪካ ዲፕሎማት ነበር፤ በ1978ቱ የግብፅና የእስራኤል የካምፕ ዴቪድ ስምምነት ድርድር ውስጥ ሠርቷል። ከመንግሥት ሥራ ከወጣ በኋላ ያየው ነገር መንግሥታት ውል ይፈርማሉ፣ የሕዝቦችን ግንኙነት የሚቀይሩት ግን ሕዝቦቹ ብቻ መሆናቸውን ነው። ከ1993 ጀምሮ የታጂኪስታንን ተፋላሚ ወገኖች በዚህ መንገድ አወያየ። በ1999 የፕሪንስተን ተማሪዎች በካምፓሳቸው ለነበረው የዘር መለያየት ተጠቀሙበት፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ኮሌጆች ሄደ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ላይፍ ኤንድ ፒስ ኢንስቲትዩት በሚባለው የስዊድን ድርጅት ድጋፍ ደርሶ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ተቀምጠውበታል፤ ስለዚህ ለእኛ የሩቅ ዕቃ አይደለም።

የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 12 የማይለዋወጡ ሰዎች፣ ከተለያየ ወገን የመጡ ሁለት አወያዮች፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል፣ እና ምግብ ነው። ምግቡን እንደ ማባበያ አትዩት። ከአንድ ትሪ የቆረሰ ሰው በሩ ላይ ተኮሳትሮ አይገባም። ጾምና ሃላልን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ረቡዕና ዓርብ ክትፎ አዝዞ ግማሹን ሰው ማስጾም ገና ከጅምሩ «ስለ እኔ አላሰቡም» ያሰኛል።

ሂደቱ አምስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ማን ይገባል፣ ለምንስ ይገባል የሚለው ይወሰናል። በሁለተኛው ችግሩ ይዘረገፋል፤ ሁሉም የሚያመውን ይናገራል፣ ችግሮቹም በስማቸው ይጠራሉ። በሦስተኛው ከተጠሩት አንዱ ተመርጦ ወደ ሥሩ ይወረዳል፤ ለዚህ ሳውንደርስ ግንኙነትን በአምስት መነጽር ያያል፦ ማንነት፣ ፍላጎት፣ ኃይል፣ አንዱ ስለ ሌላው ያለው ምስል፣ የአኗኗርና የመስተጋብር ልማድ። በአራተኛው መውጫው ይነደፋል። በአምስተኛው አብሮ ይሠራል። ደረጃዎቹ መሰላል አይደሉም፤ ቡድኑ አራተኛ ላይ ደርሶ ወደ ሁለተኛ ቢመለስ ጤና ነው። ለ12 ሳምንት ሴሚስተር እኛ የምንመክረው አንድ ስብሰባ ለመጀመሪያው፣ አራት ለሁለተኛው፣ ሦስት ለሦስተኛው፣ ሁለት ለአራተኛው፣ የቀረው ለአምስተኛው ነው።

ሁለተኛው ደረጃ አራት ስብሰባ የተሰጠው በምክንያት ነው። ሐበሻ አወያይ የሽማግሌ ደም አለው፤ ሁለት ሰው ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ «በቃ፣ ተዉት፣ ሁላችንም ወንድማማቾች ነን» ይላል። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው፣ ግን የሚጀምረው በደሉ ከተሰማ በኋላ ነው። ያልተዘረገፈ ቁስል ላይ እርቅ ሲለጠፍ፣ የተበደለው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም፤ ለምን እንደቀረም አይናገርም። የቡድን ቁጥር መመናመን ብዙ ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። አወያዩ ከማብረድ ይልቅ «ይህ አንተ ላይ ምን አደረሰ?» ብሎ ይጠይቅና ዝምታውን ይታገሥ።

አራተኛው ደረጃ ላይ አራት ዝርዝር በትልቅ ወረቀት ይጻፋል፦ እንቅፋቱ ምንድን ነው፣ እንቅፋቱን የሚያነሳው እርምጃ የቱ ነው፣ ማን ይወስደዋል፣ በምን ቅደም ተከተል? በካፊቴሪያው ጠረጴዛ በቋንቋ መከፋፈልን ውሰዱ። እንቅፋት፦ ከሌላው ጋር የተቀመጠ ሰው በጓደኞቹ «ከዳን» መባሉ። እርምጃ፦ ብቻውን ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆነው መቀመጥ። የሚወስደው፦ በየቡድኑ የሚከበሩ ሁለት ሰዎች። ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ለየራሳቸው ጓደኞች ነግረው፣ ከዚያ ተቀምጠው። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ ከመጣ ሰርዙት፤ ማን፣ መቼ፣ የት የሌለው እርምጃ አይደለም።

ቀረጻ ክልክል ነው፤ ስልክ በር ላይ ባለ ቅርጫት ይቀመጥ። ከአንዲት የ30 ሰከንድ የቲክቶክ ቅንጭብ በኋላ የሚድን ቡድን የለም፤ የተቀረጸውም ሰው አገር ቤት ዘመድ አለው።

አምስተኛው ደረጃ አሜሪካ ካምፓስ ላይ ብዙ ጊዜ የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ ይሆናል። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ግን የሐበሻ ማኅበር ሲያደርገው አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለፌዴራል ምርጫ የሚመዘገበው ዜጋ ብቻ ነው። በዲቪ የመጣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በስህተት «ዜጋ ነኝ» የሚለውን ሣጥን ምልክት ቢያደርግና ቢፈርም፣ ነገሩ እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ቅጹ ከመሰጠቱ በፊት «ዜጋ ያልሆነ አይሙላ» የሚል ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ አስመዝጋቢውም ማንንም ስለ ሁኔታው አያፋጥጥ፣ ወረቀቱን ያሳይ ብቻ። ዜጋ ያልሆኑትን ባዶ እጃቸውን አትሸኟቸው። የከተማ ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ አስተያየት መስጠት በአብዛኛው ዜግነት አይጠየቅበትም። ካሊፎርኒያ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በምርጫ ጣቢያ ሠራተኛነት እንዲያገለግል ትፈቅዳለች። ለሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት የሆነችው የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪዋ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ትፈቅዳለች፤ ምዝገባው ግን የከተማዋ የራሷ ስለሆነ፣ ቅጹን ከፌዴራሉ ጋር አንድ ክምር ላይ አታስቀምጡት።