ሁዳችሁ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ከተባለ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልጅ ጥሩት

በተለምዶ ሁድ የምንለው የወጥ ቤታችን ጭስ መሳቢያ «ሞተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ» ተብሎ ተፈርዶበት ነበር። ዛሬ እናቴ ቁሌት እያቁላላች እኔ ሳሎን ተቀምጬ ይህን የምጽፈው ሳላስነጥስ ነው። ምስጋናዬ ለአንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ስሙና ስልኩ አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለገ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

የእኛ ሁድ ያደረገው ነገር ብዙ ሰው ቤት ያለ ይመስለኛል። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ግን ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። አንዳንድ ቀን እንደ ምንም ቢነሣም ይንቀጠቀጣል እንጂ ጭስ አይስብም። መጀመሪያ ያየው ሰው ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት ነው «ተቃጥሏል» ያለን። ይኸኛው ግን አስቀድሞ ብሬከሩን አወረደ፤ የቅባት ማጣሪያዎቹን አውልቆም ማራገቢያውን በጣቱ አዞረው። ምንም ሳይዘው ዞረ። ከዚያ ኃይሉን መልሶ፣ እያጉረመረመ የቆመውን ማራገቢያ በእንጨት ማማሰያ ጫፍ ገፋ ቢያደርገው ተነሥቶ መሽከርከር ጀመረ። «የተቃጠለ ሞተር ቢገፉትም አይነሣም፤ ሽታውም ይመሰክርበታል» አለ። (የማማሰያውን ነገር እናንተ እንዳትሞክሩት፤ እኔንም ከልክሎኛል።)

ጥፋቱ ካፓሲተሯ ላይ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሞተር ያለ እሷ ከቆመበት አይነሣም። ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ናት፤ ላይዋ ላይ 4 ማይክሮፋራድ ተጽፎ ሳለ በቴስተር ሲለካት 2 እንኳን አልሞላችም። ብሬከር ከወረደም በኋላ ኃይል ይዛ ልትቆይ ስለምትችል፣ ከመፍታቱ በፊት በውስጧ የቀረውን አፈሰሰው። አዲሷን ከመርካቶ ገዝቶ ሲመጣ መጠኗ ያው 4፣ ቮልቴጇም ከቀድሞዋ ያላነሰ መሆኑን አሳየኝ፤ ደረሰኙንም ሰጠኝ። ዋጋዋን ከአዲስ ሁድ ዋጋ ጎን ማስቀመጥ ያሳፍራል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። እሱ ሶፍት ጠየቀን። ሁዱን አብርቶ አንዲት ሶፍት ከማጣሪያው ሥር ሲያስጠጋ፣ ተስባ መጣበቅ ሲገባት ወደቀች። ሞተሩ እየዞረ አየሩ መሄጃ አጥቷል ማለት ነው። ኮርኒሱን ከፍቶ ሲያይ ተጣጣፊው የአሉሚኒየም ቱቦ ከሚያስፈልገው በላይ ረዝሞ ሁለት ቦታ ላይ ታጥፎ ተኝቷል። ትርፉን ቆርጦ ጣለው፣ የቀረውን ወጠረው፣ መጋጠሚያውን በአሉሚኒየም ፕላስተር አሸገው፤ ወደ መውጫውም ትንሽ እንዲያዘቀዝቅ አደረገው። እንጀራ በተጋገረ ቀን ከሁዱ ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃም እንፋሎት ቱቦው ውስጥ ቀዝቅዞ የሚመለስ ኖሯል፤ አሁን ቆሟል።

ከሁሉ ያሳቀችኝ የቱቦው አፍ ላይ ያለችው ትንሽ መዝጊያ ናት። ሁዱ ሲጠፋ መዘጋት ሲገባት በቅባት ተጣብቃ እንደተከፈተች ቀርታለች። የሕንፃችን ወጥ ቤቶች ጭሳቸውን የሚያወጡት በአንድ የጋራ መተንፈሻ ስለሆነ፣ በዓቢይ ጾም የጎረቤት ጥብስ እኛ ቤት ድረስ እየመጣ ሲፈትነን የከረመው በእሷ በኩል ነው። ጠርጎ መለሳት። ማራገቢያው ላይ የተጋገረውንም ቅባት አጠበው፤ መንቀጥቀጡ ከዚያ የመጣ ነበር።

የከሰል ማጣሪያ ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቀው «አይግዙ» አለኝ። ከሰሉ የሚያስፈልገው አየሩን አጣርቶ እዚያው ወጥ ቤት ለሚመልስ ሁድ ነው፤ በቱቦ ወደ ውጭ ለሚያስወጣው እንዲያውም መንገዱን ያጠብበታል። አትርፎ ሊሸጥልኝ ይችል የነበረውን ዕቃ አይጠቅምዎትም ያለኝ ባለሙያ ስንት እንዳጋጠመኝ ለመቁጠር አንድ ጣት ይበቃኛል።

እናቴን ደግሞ «እማማ፣ ሽንኩርቱን ከመጣልዎ በፊት ያብሩት፤ ወጡ ሲወርድም ወዲያው አያጥፉት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉት። መስኮቱንም ገርበብ ያድርጉት፤ አየር ካልገባ ጭስ አይወጣም» አላት። እኔ ይህን ብላት «ድምፁ ራሴን ያዞረኛል» ትል ነበር። ለእሱ ግን «እሺ ልጄ» አለች። የብረት ማጣሪያዎቹን በወር አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ በረኪና ግን አሉሚኒየሙን ያበላሸዋል ብሎናል።

እንከን የለበትም አልልም። በቀጠሮ ሰዓት አይመጣም፤ ጠዋት ነው ካለ ምሳ ሰዓት ጠብቁት። መሰላል ላይ ሳለም ስልክ አያነሣም፤ አመሻሹ ላይ መደወል ይሻላል። በብዛት የሚሠራው ገርጂ፣ ሰሚትና አያት አካባቢ ነው። የሁዱን ሞዴል ቁጥር ማጣሪያው ሲወልቅ ውስጥ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ቀድማችሁ ላኩለት። በታክሲ ስለሚመጣ መሰላል ከጎረቤት ተውሳችሁ ብታቆዩለትም ጥሩ ነው።