ቦዊ ስታዲየም፦ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ሜጀር ሊግ ሳይገቡ በፊት በቅርብ ለማየት

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ) እየኖራችሁ «ቤዝቦል እኮ አይገባኝም» የምትሉ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የሚገባችሁም አንብቡት፣ አትጎዱም። ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ፦ ባልቲሞር ላለው ትልቁ ስታዲየም ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ቦዊ፣ ሜሪላንድ ሂዱ። ፕሪንስ ጆርጅስ ስታዲየም ይባላል። ከዲሲ በሩት 50 ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ከ301 ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ነው። በ1994 የተከፈተ፣ 10,000 ሰው ያህል የሚይዝ ስታዲየም ነው። እዚያ የሚጫወተው ቡድን ለብዙ ዓመት ቦዊ ቤይሶክስ ሲባል ኖሮ ከ2025 ጀምሮ ቼሳፒክ ቤይሶክስ ሆኗል። እኔ ግን አሁንም ቦዊ ነው የምለው።

ቤይሶክስ የሜጀር ሊጉ ቡድን የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደብል ኤ ቡድን ነው። ኦሪዮልስ አንድ ልጅ ሲያስፈርም ቀጥታ ባልቲሞር አያመጣውም። ከታች ይጀምራል። ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ ይወጣል (እነዚህ ሁሉ ማይነር ሊግ ይባላሉ)፣ ከዚያ ነው ከፍተኛው፣ ሜጀር ሊግ የሚባለው። እኛ አገር እግር ኳስ ላይ ተስፋ ቡድን እንደምንለው አድርጋችሁ አስቡት፣ ልዩነቱ እነዚህ በአንድ ዓመት 138 ጨዋታ መጫወታቸው ነው። አዎ፣ 138። አብዛኞቹም ሜጀር ሊግን ሳያዩ ነው የሚያበቃላቸው።

ታዲያ ለምን ቦዊ? በእኔ እምነት የልጆቹ መንገድ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ገና ልጆች ናቸው፣ ስህተት ይበዛል። ከዚህ በላይ ያለው ትሪፕል ኤ ደግሞ ሜጀር ሊግ ገብተው የተመለሱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስልክ እስኪደወልላቸው የሚጠብቁ ሰዎች ይበዙበታል። ደብል ኤ ላይ ግን ጥሩ ጥሩው ልጅ ጥሩ ጥሩውን ይገጥማል። አንዳንዱም ከዚህ ቀጥታ ወደ ላይ ይበራል። ማኒ ማቻዶ እንደዚያ ነው የሄደው። ነሐሴ 2012 ላይ፣ የ20 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ትሪፕል ኤን ሳይረግጥ ከቦዊ ወደ ባልቲሞር ተጠራ። ቦዊ ሾርትስቶፕ (ሯጩ በሚረግጣቸው ሁለተኛና ሶስተኛ ቤዞች መካከል የሚቆም ተከላካይ) የነበረውን ልጅ ሶስተኛ ቤዝ ላይ አቆሙት፣ በሁለተኛ ጨዋታው ሁለት ሆምራን (ከአጥሩ በላይ የሚወጣ ምት) መታ። በኋላ ሳንዲያጎ በ300 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው።

የምትቀመጡበትን ቦታ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። በሶስተኛ ቤዝ በኩል፣ ወደ ሜዳው ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ሾርትስቶፑ ከፊታችሁ ይሆናል። አሁን ኳሱን እርሱትና እሱን ብቻ እዩት። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለ፣ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ሊወረውር ሲል ሾርትስቶፑ ፊቱን በጓንቲው ይከልልና ወደ ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋቹ ዞር ይላል። ከጓንቲው ጀርባ በአፉ ምልክት እየሰጠ ነው። አፉን ከዘጋ «ሯጩ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ከሮጠ ቤዙን እኔ እሸፍናለሁ» ማለት ነው፣ ከከፈተ «አንተ ሸፍን»። ተቃራኒው ቡድን እንዳያይ ነው ጓንቲው። ከዚያ በጫማው አፈሩን ጫር ጫር ያደርጋል፣ ጠጠር ካለ ኳሷ ነጥራ ፊቱን ትመታዋለቻ። ኳሷ ከፒቸሩ እጅ ስትወጣ ደግሞ ትንሽ እርምጃ ወደፊት ይራመዳል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። ይሄን እርምጃ በየውርወራው ይራመዳል። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ። ኳሷ ወደ እሱ የምትመጣው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ስትመጣ ደግሞ ጉድ ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ አፈር ለአፈር ይመጣል። መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ 27 ሜትር ይሮጣል፣ አራት ሰከንድ ተኩል አካባቢ ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሾርትስቶፑ ኳሷን ማንሳት፣ ከጓንቲ ማውጣት፣ ወደ አንደኛ ቤዝ መወርወር አለበት። የኢንፊልደር (ቤዞቹ አካባቢ የሚቆም ተከላካይ) ጓንቲ ከሌሎቹ ያነሰች የሆነችውም ለዚህ ነው፣ እጁ ሲገባ ኳሷን ወዲያው እንዲያገኛት። ቴሌቪዥን ይሄን አያሳያችሁም። ካሜራው ፒቸሩና መቺው ላይ ተተክሎ ይቆይና ኳሷ ስትመታ ብቻ ነው የሚዞረው፣ ሲደርስ ልጁ ኳሷን ይዟታል። ሥራው ግን ከዚያ በፊት አልቋል።

ከቦዊ ወደ ኦሪዮልስ የወጣውን ጋነር ሄንደርሰንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከሴልማ፣ አላባማ ነው። በ2019 ድራፍት (ክለቦች ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት) 42ኛ ሆኖ ተመረጠ። 41 ሰው ከእሱ ይሻላል ተብሎ ማለት ነው። በ2020 ኮሮና መጣና ማይነር ሊግ ጭራሽ ተሰረዘ። ኦሪዮልስ ልጆቹን የሚያለማምድበት ቦታ ሲፈልግ ይሄው የቦዊ ስታዲየም ነው የተመረጠው፣ ደጋፊ በሌለበት፣ እርስ በርስ እየተጋጠሙ። በ2021 ሃይ ኤ ላይ፣ አበርዲን፣ ስትራይክአውት (ሶስት ስትራይክ ተቆጥሮበት መውጣት) በዛበት። በ2022 ቦዊ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ሆነ። ስትራይክአውት ከሆነበት ጊዜ ይልቅ በዎክ (መጥፎ ኳሶችን ትቶ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ መሄድ) የወጣበት ጊዜ በለጠ። ቁጥር ለማይወድ ሰው በቀላሉ፦ መጥፎ ኳስ ላይ ዱላ ማወዛወዝ አቆመ። ለወጣት መቺ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። በሰኔ ወደ ትሪፕል ኤ ኖርፎክ፣ ነሐሴ 31 ቀን ክሊቭላንድ ላይ ሜጀር ሊግ። በመጀመሪያው ቀን ሆምራን መታ፣ ያውም ዱላውን ከማወዛወዙ ብዛት ሄልሜቱ ከራሱ ላይ ወለቀ። በቀጣዩ ዓመት 28 ሆምራን፣ የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ። በ2024 37 ሆምራን።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን ይበልጥ የሚስበኝ የጃክሰን ሆሊዴይ ነው። እሱ በተቃራኒው ሁሉ ነገር የተሟላለት ልጅ ነው። አባቱ ማት ሆሊዴይ የታወቀ የሜጀር ሊግ ተጫዋች ነበር። በ2022 ድራፍት የመጀመሪያው ምርጫ እሱ፣ ለፊርማ ብቻ 8.19 ሚሊዮን ዶላር። በ2023 በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱንም ደረጃ ወጣ፦ ዴልማርቫ፣ አበርዲን፣ ቦዊ፣ ኖርፎክ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ብዙም አይታይም። ሚያዝያ 10 ቀን 2024 ቦስተን ላይ ሜጀር ሊግ ጀመረ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎ እያየው።

እና ምን ሆነ? 34 ጊዜ ለመምታት ሞክሮ የተሳካለት ሁለት ብቻ። 18 ስትራይክአውት። ወሩ ሳያልቅ ወደ ኖርፎክ መለሱት። ልጁ 20 ዓመቱ ነው፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ በአደባባይ መውደቅ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 31 ተመልሶ መጣ። ቶሮንቶን ሲገጥሙ፣ ቤዞቹ በሙሉ ተይዘው፣ የመጀመሪያ ሆምራኑን መታ። ግራንድ ስላም! ኳሷ የቀኝ ሜዳውን አልፋ፣ ከስታዲየሙ ጎን ሰው የሚንሸራሸርባት ዩታው ስትሪት ላይ አረፈች። እውነቱን ለመናገር ያቺን ኳስ ለመረዳት ኖርፎክ ያሳለፋቸውን ሶስት ወራት ማወቅ ያስፈልጋል። ማይነር ሊግ የማይከታተል ሰው «ጥሩ መታ» ብሎ ያልፋታል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል፣ የሆሊዴይን 8 ሚሊዮን ሰምታችሁ ሁሉም እንደዚያ ነው እንዳትሉ። እስከ 2022 ድረስ የደብል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ 13,800 ዶላር ነበር። በዲሲ ኑሮ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ብዙዎቹ በክረምት ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። በ2023 ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራጅተው የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት ሲፈርሙ ወደ 30,250 አደገ። በዚያው ዓመት የሜጀር ሊግ ዝቅተኛው 720,000 ነበር። እንግዲህ ፊታችሁ የቆመው ሾርትስቶፕ በአንድ የስልክ ጥሪ በዓመት ሃያ እጥፍ የሚበልጥ ደመወዝ ላይ ሊገባ ይችላል። ለዚያ ነው መሬት ላይ የሚንደባለለው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አንደኛ፣ ቡድን መደገፍ ለለመደ ሰው ማይነር ሊግ ግራ ያጋባል። የቡድኑ ዋና ሥራ ማሸነፍ አይደለም፣ ለኦሪዮልስ ልጅ ማሳደግ ነው። ፒቸሩ ጥሩ እየወረወረ እያለ ያወጡታል፣ ምክንያቱም የተፈቀደለት ውርወራ አልቋል። ስሙን ይዛችሁ የወደዳችሁት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ኖርፎክ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ለእሱ ደስ ይበላችሁ እንጂ ለቤይሶክስ በቃ ቀረ። ስለዚህ ልጁን እንጂ ማልያውን አትውደዱ። ሁለተኛ፣ ያለ መኪና አስቸጋሪ ነው። ሜትሮ ደጁ ድረስ አይወስዳችሁም። ሶስተኛ፣ ምግቡ። ሆት ዶግ፣ ናቾስ፣ ቢራ፣ ያው የትም ስታዲየም የምታገኙት። እኔ ቤት በልቼ ነው የምሄደው።

ቲኬት ስትገዙ ደግሞ ከቡድኑ ከራሱ ግዙ። ስሙን በማልጠራው አንድ የቲኬት አፕ ገዝቼ መጨረሻ ገጽ ላይ ስደርስ የአገልግሎት ክፍያው ሌላ ሰው ይዤ የምገባበት ሆኖ አገኘሁት። በጣም ነው ያናደደኝ። ለሁለት ሰው ከፍሎ ብቻን መግባት ሼም ነው።

ጨዋታው ይረዝማል የሚባለው ወሬ አሁን ድሮ ቀርቷል። በ2023 ሜጀር ሊግ ለፒቸሮች ሰዓት አስቀመጠባቸው፣ ማይነር ሊግ ላይ ከዚያ በፊት የተሞከረ ነው። ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። የሜጀር ሊግ ጨዋታ በአማካይ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ከዚያ በፊት ከሶስት ሰዓት በላይ ነበር። ድሮ እኮ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ስሙኝ፦ በ1981 የዚያን ጊዜ የኦሪዮልስ ትሪፕል ኤ የነበረው ሮቸስተር ከፖተኬት ጋር የጀመረው ጨዋታ 33 ኢኒንግ (ዙር፣ መደበኛው ዘጠኝ ነው) ሄደ። ሌሊት ከአስር ሰዓት በኋላ ነው ያስቆሙት፣ ስታዲየሙ ውስጥ 19 ተመልካች ቀርቶ ነበር አሉ። የቀረውን በሰኔ ጨረሱት። በሁለቱም ቡድን ሶስተኛ ቤዝ ላይ የቆሙት ልጆች ካል ሪፕከንና ዌድ ቦግስ ነበሩ። ሁለቱም ዛሬ ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት) ውስጥ ናቸው። በዚያ ብርድ ላይ እስከ መጨረሻው የተቀመጡት 19ኙ ሰዎች ያዩትን እኔም ባየሁ እላለሁ፣ ሥራ ባይኖረኝ።

ባልቲሞር ራሱስ? ካምደን ያርድስ ቆንጆ ነው፣ ምንም አልልም። ከ1992 ጀምሮ ያለ፣ የድሮውን የጡብ መጋዘን በቀኝ ሜዳው ጀርባ እንዳለ ትቶ የተሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ የኮረጀው ስታዲየም ነው። 45,000 ሰው ያህል ይይዛል። ግን በተመጣጣኝ ዋጋ የምታገኙት ወንበር ሰማይ ላይ ነው። ሾርትስቶፑ አፉን ከፈተ ዘጋ ማየት ቀርቶ ማን እንደሆነ የምታውቁት በማልያ ቁጥሩ ነው። እኔ ብሆን ሁለቱን በቅደም ተከተል ነው የማያቸው። መጀመሪያ ቦዊ አንድ ኢንፊልደር መርጬ አየዋለሁ፣ ወጥቶ ባልቲሞር ሲጠራ ያኔ ለውዱ ወንበር ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

ልጆች ያላችሁ ሰዎች አትፍሩ። ልጅ ሲሰለቸው የሚወስዱበት የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ ግቢው ውስጥ አለ፣ ሲሮጥና ሲጮህም ዞር ብሎ የሚገላምጣችሁ የለም። እማማንም ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ጋቢያቸውን ግን አትርሱ፣ ሚያዝያ ላይ ማታ ማታ ይበርዳል። ቀን ስትመርጡ መርሐ ግብሩን እዩ። አንድ እንግዳ ቡድን ከማክሰኞ እስከ እሑድ ስድስት ቀን በተከታታይ እዚያው ይጫወታል፣ ቤይሶክስ ከሜዳው ውጭ ሲሆን ደግሞ ስታዲየሙ ሳምንቱን ሙሉ ዝግ ነው። የሥራ ቀን ማታ ከቻላችሁ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ይሻላል፣ ሰው ስለማይበዛ ጠጋ ብሎ ለመቀመጥ ይመቻል። ሰኞ ግን አትልፉ፣ ጨዋታ የለም።