ለድሮ ዲኤስና ፒኤስፒ ዋይፋይ፦ ሆትስፖት፣ የቤት ራውተር ወይስ የምናለሽ ተራ ራውተር?

"ዲኤስ ላይቴ ዋይፋይ አልይዝ አለኝ" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ነገሩ ወቅት አለው። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ከቁም ሳጥን ጥግ የታላቅ ወንድም ዲኤስ ወይም ፒኤስፒ (በእጅ የሚያዙት የኔንቴንዶና የሶኒ ጌም ማጫወቻዎች) ይወጣል። ቻርጀር ይፈለግለታል። ባትሪው ነፍስ ከዘራ በኋላ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብያለሁ።

መልሴን ላስቀድም። ያላችሁ ዲኤስ ወይም ዲኤስ ላይት ከሆነ ያገለገለ፣ ርካሽ፣ አሮጌ ራውተር ግዙ። ሌላው አማራጭ ወይ ውድ ነው፣ ወይ ቤታችሁን ለጎረቤት ይከፍታል፣ ወይ ገንዘቡን ውኃ ይበላዋል። ያላችሁ ፒኤስፒ ከሆነ ግን ምናልባት አምስት ሳንቲም ሳታወጡ ይሆንላችኋል።

ምክንያቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዲኤስ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ላይት ደግሞ በ2006 ወጣ። ሁለቱም የሚያውቁት የዋይፋይ ቁልፍ ዌፕ የሚባለውን ብቻ ነው። ወይ ዌፕ፣ ወይ ጭራሽ ፓስወርድ የሌለው መስመር። ዌፕ ያኔም ቢሆን ተሰብሮ ያለቀለት ነበር፤ ዛሬ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠ ጎረምሳ በደቂቃዎች ይከፍተዋል። የቤታችሁ ራውተር የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውፒኤ 2 የሚባለውን የተሻለ ቁልፍ ነው፣ አዲስ ከሆነም 3። ስለዚህ ፓስወርዱን አሥር ጊዜ ብትጽፉትም ዲኤሱ አይገባም። በዚያ ላይ የሚሰማው 2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ነው። በስሙ መጨረሻ 5ጂ የተለጠፈበትን መስመር ጭራሽ አያየውም።

ከላይት በኋላ የመጣው ዲኤስአይ ያላችሁ እንዳትሸወዱ። ሴቲንጉ ውስጥ አድቫንስድ በሚለው በኩል ደብሊውፒኤ 2 ማስገባት ይቻላል። ይገናኛል፣ ደስ ይላችኋል። ከዚያ የድሮ ዲኤስ ካሴት ስትከቱበት ጌሙ ያንን ግንኙነት አያውቀውም። እሱ አሁንም ዌፕ ነው የሚፈልገው።

ፒኤስፒ ይሻላል። ሶፍትዌሩ 2.0 ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ደብሊውፒኤን ያውቃል፣ ሁለተኛውን ግን አያውቅም። የቤታችሁ ራውተር ላይ "ደብሊውፒኤ/ደብሊውፒኤ 2" የሚል የድብልቅ ምርጫ ካለ እሱን ምረጡና ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይይዛል፣ ዋጋውም ዜሮ ብር ነው። አልይዝ ካለ ራውተሩን ከመርገማችሁ በፊት የፒኤስፒውን የዋይፋይ ማብሪያ እዩት። በ1000ው ሞዴል ላይ በግራ ጎን፣ በ2000ና በ3000 ሞዴሎች ላይ ከላይ ያለች ትንሽ ተንሸራታች ናት። ኪስ ውስጥ ስትሻሽ ትዘጋለች።

ፒኤስፒ ገና ልትገዙ ከሆነ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኢ1000 የሚባለው፣ "ስትሪት" የሚሉት፣ ዋይፋይ የለውም። ተበላሽቶ አይደለም፣ ሲሠራም አልተገጠመለትም። የተሸጠው በአውሮፓ ስለነበር ከዚያ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ አይጠፋም። ቀለሙ አያብለጨልጭም፣ ድምፅ የሚወጣበትም በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሻጩ "ዋይፋዩ ትንሽ ሴቲንግ ይፈልጋል" ካላችሁ ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር አንብቡ። ፒኤክስፒ፣ ፒቪፒ የሚል ስም የያዙት ኮፒዎች ደግሞ ፒኤስፒም አይደሉም። ቅርጹን ነው የቀዱት።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ለምን እንደፈለጋችሁት ጠይቁ። ሁለት ልጆች አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ለመጫወት ከሆነ ራውተር አያስፈልግም። ዲኤስ ከዲኤስ፣ ፒኤስፒ ከፒኤስፒ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ይህን ሳያውቅ ራውተር የሚገዛ ብዙ ነው። በኢንተርኔት ለመጫወት ከሆነ ደግሞ የኔንቴንዶ የዲኤስ ሰርቨር እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2014 ተዘግቷል። አሁን ያሉት በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሷቸው ምትኮች ናቸው፤ ዊምፊ ከታወቁት አንዱ ነው። ለብዙ ጌሞች የሚገባበት መንገድ በዲኤሱ ሴቲንግ ውስጥ የዲኤንኤስ ቁጥሩን (ሰርቨሩን የሚያፈላልግለትን አድራሻ) በእጅ መቀየር ነው። ሴቲንጉም ያለው ዲኤሱ ላይ ሳይሆን ኦንላይን የሚያጫውት ካሴት ውስጥ ነው፣ ለምሳሌ ማሪዮ ካርት። እንዲህ ያለ ካሴት ከሌላችሁ ሜኑውንም አታገኙትም። የፒኤስፒው ብራውዘር ደግሞ የዛሬ ድረ ገጾችን አብዛኛውን መክፈት አይችልም። ለዩቲዩብ ብላችሁ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ።

ወደ አማራጮቹ እንግባ። አንዳንዱ ሰው የቤቱን ዋና ራውተር ወደ ዌፕ ያወርደዋል። ነጻ ስለሆነ ያጓጓል። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ስልኬን ስከፍት የዋይፋይ ስሞች ዝርዝር ጣት እስኪደክም ይወርዳል። እዚህ ቤት ዌፕ ማድረግ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደመተኛት ነው። ሌላም ጣጣ አለው። አዲሱ የዋይፋይ ፍጥነት ከዌፕ ጋር አይሠራም። ስለዚህ የቤቱ ስልክና ቲቪ ሁሉ ወደ ድሮው 54 ሜጋ ጣሪያ ይወርዳል። ለአንድ ዲኤስ ተብሎ ቤተሰቡ በሙሉ ፊልም ሲንቀራፈፍበት ማን ዝም ይላል? ደግነቱ ብዙዎቹ አዳዲስ የፋይበር ሳጥኖች ዌፕን ከሜኑው አውጥተውታል።

የስልክ ሆትስፖት ሁለተኛው ነው። መብራት ሲጠፋ የሚሠራው እሱ ብቻ ስለሆነ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። አይፎን ለዲኤስ ላይት አይሆንም፤ ያለ ፓስወርድ አይከፍትም፣ ዌፕም የለውም። አንድሮይድ ላይ ሴኩሪቲውን "ምንም" ማድረግና ባንዱን ወደ 2.4 ማውረድ ይቻላል። አንዳንዱ ስልክ ላይ ዲኤሱ ወዲያው ይይዛል። አንዳንዱ ላይ ስሙን አይቶ እዚያው ይቀራል። ጌሙ ራሱ የሚበላው ዳታ ኢምንት ነው። የሚበላው ሌላ ነው። ፓስወርድ የሌለው ሆትስፖት ከፍታችሁ ስትጫወቱ ፎቅ ላይ ያለው ልጅ ቲክቶኩን በእናንተ ፓኬጅ ያያል። በወር ሁለት ፓኬጅ በዚህ ካለቀ የራውተር ዋጋ ተከፈለ ማለት ነው።

ሦስተኛው በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ለዲኤሱ ዋይፋይ የሚሰጠው ነው፣ እሱ ላይ አልቆይም። ኔንቴንዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው አለ። የተሠራው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር፣ ማምረቱም ቶሎ ቆመ። ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጥላችሁ ተራ የኮምፒውተር ዋይፋይ ነው። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ 900 ብር ብሎ "ለጌም የተሠራ ነው" ያለኝ አለ። ማሸጊያው ላይ የጌም ስም የሚባል የለም። ሳቅ ብዬ ወጣሁ።

አሁን ወደ ወዳጄ፣ ወደ አሮጌው ራውተር።

ከሁሉ የሚረክሰው ቤታችሁ ያለው ነው። ፋይበር ከመግባቱ በፊት በስልክ መስመር የሚሠራ የኤዲኤስኤል ሳጥን የነበረው ቤት ብዙ ነው። ለቆራሌው ካልሰጣችሁት አልጋ ሥር ይኖራል። ዌፕ አለው። የስልኩን መስመር እርሱት። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን ለውጡ፤ ከዋናው ራውተር ጋር አንድ ዓይነት 192.168.1.1 ከሆነ ይጋጫሉና። ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ አድራሻ የሚያድለውን፣ አጥፉ። ላን ከሚለው የዋናው ራውተር ቀዳዳ ወደ እሱ ላን አንድ ገመድ ዘርጉ። የገመዱን ብር ብቻ ነው ያወጣችሁት።

እሱ ከሌለ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ራውተሮቹ ገመዳቸው እንደተጠላለፈ ክምር ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ትንንሾቹን አሮጌ ቲፒ ሊንኮች ፈልጉ። መጀመሪያ 1,500 ብር ይጠሩላችኋል። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አሮጌ ነው" ትላላችሁ። "አሮጌው ነው የሚሠራው" ይላችኋል፣ ለዚህ ጉዳይ እንኳ እውነቱን ነው። እኔ በ700 ይዤ ወጥቻለሁ። ከ1,000 በላይ ከሆነ ተራመዱ፣ ይጠሯችኋል። ያው ዓይነት ራውተር ቸርችል ጎዳና ላይ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። አዲስ ከ2,500 ብር በላይ ነው የሚጠሩት፤ እሱም ላይ ዌፕ ላይኖር ይችላል። ብሩ በየወሩ ስለሚንሸራተት እነዚህን ቁጥሮች ለመከራከሪያ እንጂ ለቃል ኪዳን አትውሰዷቸው።

አዳፕተሩ ላይ ነው ሰው የሚበላው። ራውተሩና አዳፕተሩ እዚያ ለየብቻ ነው የሚኖሩት። ሻጩ ከክምሩ አንዱን መዝዞ ይሰካዋል፣ መብራቱ ይበራል፣ "ይኸው" ይላል። ራውተሩን ገልብጡት። ከሥሩ ያለው ወረቀት ላይ ቮልቱ ተጽፏል። ከትንንሾቹ ቲፒ ሊንኮች ብዙዎቹ 9 ቮልት ናቸው። የኤዲኤስኤል ሳጥኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ 12 ናቸው። የሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። የጓደኛዬ ራውተር 12 ተሰክቶበት ሱቁ ውስጥ ሠርቶ፣ ቤት ገብቶ ሳያድር ሸተተ። ከዚያ "እኔ ስሸጥልህ ይሠራ ነበር" ነው መልሱ። ትክክለኛውን አዳፕተር 250 ብር ጨምራችሁ ውሰዱ እንጂ በዚህ አትቆጥቡ።

ስም የሌላቸው፣ አራት አንቴና የተከሉ፣ "300 ሜጋ" የሚሉትን ደግሞ እለፏቸው። የእህቴ ልጅ ከገዛው ሁለቱ አንቴናዎች ውስጣቸው ሽቦ አልነበረም። ፈትተን ነው ያየነው። ለጌጥ ነው የቆሙት።

ሳትከፍሉ በፊት እዚያው ሞክሩት። ሪሴቱን በመርፌ ተጭናችሁ ያዙት። በስልካችሁ ግቡበት፣ የስልኩን ዳታ አጥፉ፤ አለበለዚያ ገጹ አይከፈትም። 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ብላችሁ፣ አድሚን አድሚን ብላችሁ ግቡ። የዋይፋይ ሴኩሪቲ ሜኑ ውስጥ ዌፕ የሚለውን በዓይናችሁ ካላያችሁ ብር አታውጡ። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ቤት ስትገቡ ከዋናው ራውተር ላን፣ የገዛችሁት ራውተር ላይ ዋን ወደሚለው፣ ኢንተርኔት ወደሚቀበልበት ቀዳዳ ገመድ ስደዱ። የቤታችሁ ኢንተርኔት የገመድ ቀዳዳ በሌላት ማይፋይ (በሲም የምትሠራ የኪስ ራውተር) ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም፣ ዊስፕ የሚል፣ ኢንተርኔቱን በገመድ ሳይሆን በዋይፋይ የሚቀበል ሞድ ያለውን ራውተር መፈለግ አለባችሁ። ሞዱን ወደ ቢ/ጂ፣ ቻናሉን ወደ 1 ወይም 11 አድርጉ። የዌፕ ቁልፉ ልክ 13 ፊደል ይሁን፤ 12 ወይም 14 ከሆነ አይቀበልም። ዲኤሱ ከ51 ሺህ የሚጀምር ስህተት ካወጣ ችግሩ ከራውተሩ ጋር ያለው የዋይፋይ ግንኙነት ነው፣ ቁልፉንና ቻናሉን እዩ። ከ52 ሺህ የሚጀምር ከሆነ ዋይፋዩ ይዟል፣ ኢንተርኔቱ ነው ያልመጣው፣ ገመዱን እዩ።

ዌፕ ደካማ ነው ብዬ አሁን ደግሞ ዌፕ ተጠቀሙ ማለቴ እንዳይገርማችሁ። ልዩነቱ ይሄኛው ራውተር ማብሪያ ማጥፊያ ያለው መሆኑ ነው። ስትጫወቱ ሰኩት፣ ስትጨርሱ ከዲቫይደሩ ንቀሉት። የተመዘገበ ዕቃ ብቻ የሚያስገባውን የማክ ፊልተር ጨምሩበት የሚሉ አሉ፤ ጨምሩ፣ ግን ለሚያውቅበት ሰው አጥር አይደለም። የተነቀለ ራውተርን ግን ማንም አይሰብረውም።

"ለምን 3ዲኤስ ወይም ቪታ አልገዛም?" የሚሉም አሉ፣ ከዲኤስና ከፒኤስፒ በኋላ የመጡትን ማለታቸው ነው። ሁለቱም ደብሊውፒኤ 2ን ያውቃሉ፣ ራውተር ጣጣ የለባቸውም። ግን ያገለገለ 3ዲኤስ ስጠይቅ የሰማሁት ከ20 ሺህ ብር በላይ ነው። ለእሱም የኔንቴንዶ ኦንላይን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ቆሟል። ብሩ ካላችሁ ለሌላው ጌሙ ስትሉ ግዙት። ለዋይፋይ ብላችሁ ግን አትግዙት።

ሁሉን አድርጋችሁ፣ ከስልክ የሚታየውን መስመር ዲኤስ ላይቱ ጭራሽ ካላየው ችግሩ ከራውተሩ አይደለም። ውስጡ ያለችው የዋይፋይ ሰሌዳ ለብቻዋ የተሰካች ትንሽ ካርድ ናት። ዲኤሱ ሲወድቅ ትላቀቃለች፣ አንዳንዴ ተጭኖ መመለስ ብቻ ይበቃታል። ጣጣው ዲኤሱን ለመክፈት የሚፈታው ቡሎን ነው። ራሱ ሦስት ክንፍ ያለው ነው፣ ተራ ካቻቢቴ ይበላዋል። ሞባይል ጠጋኙ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ ካቻቢቴውን አሳየኝ በሉት። ከሌለውና "በሌላ እንሞክረው" ካለ ዲኤሱን ተቀብላችሁ ውጡ። ካለው ደግሞ ካርዷን ነቅሎ ለመመለስ ከ500 ብር በላይ አትክፈሉ። "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ 3,000" የሚለውን ካርዷ ወጥታ ሳትገባ አትስሙት።