ሰርቨራችንን ከፓስወርድ ላላቀቀልን ወጣት

በአደባባይ ላመሰግነው የምፈልገው ልጅ አለ። ስሜን አትጻፉ ስላለኝ አልጽፍም፤ መገናኛ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ወጣት ነው።

አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ አለን። ዋናው አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ አዳማ። የአዳማዋ ሠራተኛችን ማታ ማታ የዕለቱን ፋይል ወደ ሰርቨራችን (ፋይሎቻችን ወደሚቀመጡበት ዋና ኮምፒውተር) ትልክ ነበር፤ ፓስወርዱ ስክሪኗ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ልጁ መጥቶ መጀመሪያ የሰርቨሩን ሎግ፣ ማን ለመግባት እንደሞከረ የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ከፈተልኝ። ከማናውቃቸው አድራሻዎች "ሩት" በሚል ስም (ሁሉን ማድረግ የሚችለው የዋናው አስተዳዳሪ መግቢያ ነው) ፓስወርድ ሲገምቱ ያደሩ መስመሮች ገጽ ሙሉ ተደርድረዋል። "ፖርት 22፣ ማለት ከርቀት የሚገባበት በር፣ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ እንዲህ ሲንኳኳ ነው የሚያድረው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እጄ ቀዘቀዘ።

መፍትሔው በፓስወርድ ፋንታ በቁልፍ ፋይል መግባት ነው አለኝ፤ ቁልፉንም ራሴ እንድሠራው አደረገኝ። ኤስኤስኤች-ኪጀን (ssh-keygen) የምትለዋን ቁልፍ መሥሪያ ትእዛዝ በላፕቶፔ አስጻፈኝ፣ የቁልፉን ዓይነት ኢዲ25519 (ed25519) የሚባለውን አደረግነው፣ ሁለት ፋይል ወጣ። "እትዬ፣ ይቺ ጓጉንቸሯ ናት፤ የፈለጉት ሰርቨር ላይ ይስቀሏት። ይቺኛዋ መክፈቻዋ ናት፤ ከዚህ ላፕቶፕ አትውጣ፣ ለእኔም እንዳይልኩልኝ።" የቁልፉን የይለፍ ሐረግ ስጽፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያቺን ነገር አልረሳትም።

ጓጉንቸሯን ሰርቨሩ ላይ ሰቅለን ስንሞክረው ግን ሰርቨሩ አሁንም ፓስወርድ ጠየቀን። ሌላ ሰው ቢሆን ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ይጀምር ነበር። እሱ ሎጉን አንብቦ ችግሩን አገኘው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው የእኔ ፎልደር ሌሎችም እንዲጽፉበት ክፍት ስለነበር ሰርቨሩ ቁልፉን አላምን ብሎ ነው። የሌሎቹን የመጻፍ ፈቃድ አነሳ፣ የቁልፍ ፎልደሩን ፈቃድ 700፣ የፋይሉን 600 አደረገ፣ ማለት ከባለቤቱ በቀር ሌላ ተጠቃሚ እንዳያነብና እንዳይጽፍ ዘጋው፤ ወዲያው ገባን።

አዳማ ያለው ኮምፒውተር አሁን ሌሊት ላይ ሰው ሳይነካው በራሱ ስለሚልክ ቁልፉ የይለፍ ሐረግ የለውም። በምትኩ ያ ቁልፍ ፋይል ከማስገባት ሌላ ምንም እንዳይሠራ ሰርቨሩ ላይ ገደበው። በፓስወርድ መግባትን ሲዘጋም አንዱን መስኮት እንደተገናኘ ትቶ፣ በሌላ መስኮት ገብቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው የወጣው። የተስማማነውን ብር ብቻ ተቀበለ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሠራተኛችን ለቀቀ። ባሳየኝ መሠረት የሱን ጓጉንቸር የያዘውን መስመር ሰርቨሩ ላይ ካለው የቁልፎች ፋይል ውስጥ ራሴ አጠፋሁ፤ የሌላ ሰው ሥራ አልተነካም። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።