ኢምፓላ፣ አቫሎን ወይስ ክራይስለር 300? ዳግም የተነደፉ ሦስት ትልልቅ ሴዳኖች ንጽጽር

በአሜሪካ ገበያ ትልቅ ሴዳን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፤ የዚህን መኪና ዓይነት ገጽታ ባለፈው አሥርት መጀመሪያ ላይ የቀየሩት ሦስቱ ታዋቂ ስሞች ዛሬ አዲስ ሆነው አይገኙም። የሸቭሮሌት ኢምፓላ ምርት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ቆሟል፤ በአሜሪካ የተሸጠው የመጨረሻው ቶዮታ አቫሎን የ2022 ሞዴል ነው፤ ክራይስለር 300ም በ2023 መገባደጃ ላይ መመረቱ አብቅቷል። ስለዚህ ገዢው የሚያወዳድረው ያገለገሉ መኪኖችን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

አንድ መኪና እንደ አዲስ ተነድፎ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚወራለት ስክሪኑ፣ የንክኪ ቁልፎቹና ከስልክ ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ቀድሞ የሚያረጀው ይኸው ክፍል ሲሆን፣ የአካሉ ቅርጽ፣ የወንበሮቹ አሠራር፣ የውስጡ ጸጥታና የሞተሩ ጥንካሬ ባሉበት ይቆያሉ። በእኔ እምነት ያገለገለ ትልቅ ሴዳን የሚመርጥ ሰው መኪናውን በአካሉና በሞተሩ፣ የሞዴሉን ዓመት ደግሞ በቴክኖሎጂው ቢመርጥ ይጠቀማል፤ ምክንያቱም በሦስቱም መኪኖች ላይ በአንድ ወይም በሁለት ሞዴል ዓመት መካከል ያለው የቴክኖሎጂ ልዩነት ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው።

በመልክ ረገድ ከፍተኛውን ለውጥ ያመጣው ኢምፓላ ነው። ከ2006 እስከ 2013 የተመረተው ኢምፓላ በብዛት የሚታወቀው በኪራይና በመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪናነት ሲሆን፣ መልኩም ለማንም የማይጎረብጥ፣ ማንንም የማይስብ ነበር። በ2012 በኒው ዮርክ የመኪና ትርዒት ላይ ቀርቦ በ2014 ሞዴልነት ለገበያ የበቃው አሥረኛው ትውልድ ግን ከካዲላክ ኤክስቲኤስና ከቢዊክ ላክሮስ ጋር በጋራ መሠረት ላይ የተሠራ፣ ርዝመቱ 5,113 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከፊቱ ጠበብ ብለው የተሰነጠቁ መብራቶች ያሉት፣ ከኋላ በር ላይ ተነሥቶ በኋላው ጎማ ላይ የሚያብጥ ጉልህ መስመር የተሳለበት መኪና ሆነ። ይህ የኋላ ጎን እብጠት የፋብሪካው ንድፍ አውጪዎች ከቀድሞዎቹ ኢምፓላዎች የወረሱት ቅርጽ ሲሆን፣ በተለይ ባለ 19 ወይም ባለ 20 ኢንች ቸርኬ በተገጠመለት ኤልቲዜድ በተሰኘው ደረጃ ላይ መኪናውን ከዋጋው በላይ ያስመስለዋል። ጉድለቱም ከዚሁ ንድፍ ይመነጫል። የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ፣ የኋላው ምሰሶ ደግሞ ወፍሮ ስለተሠራ ወደ ኋላና ወደ ጎን ማየት ያስቸግራል፤ የኋላ ካሜራ የሌለውን ኢምፓላ መግዛት ይህን ችግር አብሮ መግዛት ነው።

አቫሎን የሄደበት መንገድ የተለየ ነው። የ2013ቱ አራተኛ ትውልድ ከቀዳሚው በስድሳ ሚሊሜትር ገደማ አጥሮ፣ ክብደቱም ቀንሶ የመጣ መኪና ነው፤ 4,960 ሚሊሜትር ርዝመት ይዞ ከኢምፓላ በ15 ሴንቲሜትር ያህል ያንሳል። የቀድሞው አቫሎን በጡረታ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች መኪና ተደርጎ ይታይ ስለነበር ቶዮታ በአሜሪካ ያለውን የካልቲ ንድፍ ማዕከሉን አሠማርቶ ጣሪያውን ወደ ኋላ እንዲዳፋ፣ የጎኑም ገጽ እንዲሳል አደረገ። መኪናው በኬንታኪ ግዛት በጆርጅታውን የተገጣጠመ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ሰፊ የታችኛው ፍርግርግ ሁሉም የሚወደው አይመስለኝም፤ ከጎን ሲታይ ግን ከሦስቱ ይበልጥ የተመጣጠነው እሱ ነው፣ የውጪ ዕይታውም ከኢምፓላ የተሻለ ነው። ለ2016 ሞዴል በተደረገው ማሻሻያ ፊቱ ተለውጧል፣ አካሄዱም እንደገና ተስተካክሏል። በ2013 የቀረበው አቫሎን በጎርባጣ መንገድ ላይ ጠንከር ይላል የሚል ቅሬታ ይሰማበት ስለነበር ምቾትን የሚያስቀድም ገዢ ከ2016 ወዲህ ያለውን ቢፈልግ ይሻለዋል።

በውስጥ ስፋት ሁለቱ ይቀራረባሉ። የኋላ ተሳፋሪ የእግር ቦታ በኢምፓላ 1,011፣ በአቫሎን 996 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ልዩነት በጉልበት አይታወቅም። የሚታወቀው በዕቃ ቦታው ነው፤ ኢምፓላ 532 ሊትር ሲይዝ ባለ ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር) አቫሎን 453 ሊትር ይይዛል፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሃይብሪድ አቫሎን ደግሞ በባትሪው ምክንያት ከዚያም ያንሳል። ከዚህ በላይ የሚመዝነው የኢምፓላ የኋላ ወንበር ተከፍሎ መታጠፉ ነው፤ በዚህ ትውልድ አቫሎን ላይ የወንበሩ መደገፊያ ስለማይታጠፍ ረጅም ዕቃ የሚያልፈው መሐል ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ረጃጅም ዕቃ የሚያጓጉዝ ቤተሰብ በዚህ ነጥብ ብቻ ምርጫውን ቢወስን አይፈረድበትም።

ወደ ቴክኖሎጂው ስንመጣ የኢምፓላ ባለ 8 ኢንች የንክኪ ስክሪን ትኩረት ይስባል። ከሥሩ ያለችው ቁልፍ ስትጫን ስክሪኑ በሞተር ኃይል ወደ ላይ ይነሣና ከኋላው የተደበቀ የዕቃ ማስቀመጫና የዩኤስቢ መሰኪያ ይታያል፤ መኪናውን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ባለቤት በሚስጥር ቁጥር ቆልፎት ስልኩንም ሆነ በውስጡ የተመዘገቡ አድራሻዎችን ሊጠብቅ ይችላል። ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ክፍል ሁሉ ከዓመታት በኋላ ሊደክም ስለሚችል ገዢው ከመክፈሉ በፊት ስክሪኑን ደጋግሞ ከፍቶ መዝጋት አለበት። ከዚህ ይበልጥ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚጠቅመው ሸቭሮሌት ለአየር ማቀዝቀዣውና ለድምፅ ማስተካከያው የሚጫኑና የሚዞሩ እውነተኛ ቁልፎችን ማስቀረቱ ነው፤ እጅ ሳያይ ያገኛቸዋል። ኤልኤስ የተሰኘው ዝቅተኛ ደረጃ ይህን ስክሪን ሳይሆን ትንሽ ባለ 4.2 ኢንች ስክሪን ይዞ የወጣ በመሆኑ በማስታወቂያ ላይ "2014 ኢምፓላ" የሚል ጽሑፍ ብቻ አይቶ መሄድ አይበቃም። ከሁሉ በላይ ግን መታየት ያለበት ዓመቱ ነው፤ ከ2016 ሞዴል ጀምሮ የስልኩን መተግበሪያዎች በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያሳየው አፕል ካርፕሌይ ተጨምሯል፣ ለአንድሮይድ ስልኮች ተመሳሳዩን የሚሠራው አንድሮይድ አውቶም ተከትሎታል፣ የመኪናው የራሱ ካርታ ቢያረጅ እንኳ በስልኩ ላይ ያለው ካርታ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

የአቫሎን ክሩስኮት በንድፍ ከኢምፓላ የበለጠ ደፋር ነበር። የመሐሉ ገጽ ወደ ፊት እንደሚፈስ ሆኖ የተሠራ ሲሆን አብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች ጣት ሲነካቸው ብቻ የሚሠሩ፣ ወደ ውስጥ የማይገቡ የንክኪ ቁልፎች ናቸው። ሲታዩ ያምራሉ፣ አቧራም አይገባባቸውም፤ ሆኖም ጣት መጫኑን በስሜት ስለማያውቅ ዓይን ከመንገዱ ተነሥቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል፣ ጓንት ያደረገ እጅንም ብዙ ጊዜ አይታዘዙም። ለእኔ ይህ የዚያ ዘመን ንድፍ ያተረፈው የማይወደድ ልማድ ነው። በሌላ በኩል አቫሎን በሊሚትድ ደረጃው ስልክን ያለ ገመድ የሚሞላውን ቺ የተባለውን ሥርዓት በማቅረብ ከመኪኖች ሁሉ ቀድሟል፤ የማርሽ ዘንጉ ፊት ለፊት ባለችው ክዳናማ ሣጥን ውስጥ ስልኩን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ከስልክ ስክሪን ጋር በመገናኘት ግን ቶዮታ ዘግይቷል፤ አፕል ካርፕሌይ አቫሎን ላይ የመጣው በ2019ኙ አምስተኛ ትውልድ ነውና ከ2013 እስከ 2018 ያሉት ሁሉ ከፋብሪካ ያለ እሱ የወጡ ናቸው። ይህን አገልግሎት የግድ የሚፈልግ ሰው ወይ የ2019ን፣ ወይ ከ2016 ወዲህ ያለውን ኢምፓላ ይመልከት።

በአደጋ መከላከያ ረገድ ሚዛኑ ይገለበጣል። ሁለቱም ገና ሲወጡ አሥር አሥር ኤርባግ ነበራቸው፤ ከፊት ካለው መኪና ጋር ርቀቱን እየጠበቀ ፍጥነቱን የሚያስተካክለውና ግጭት ሲቃረብ በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት ግን በሁለቱም ላይ በውድ ደረጃዎች የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ ነበር። ቶዮታ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ይህንኑ ሥርዓት፣ እግረኛን መለየትንና ከመስመር ሲወጣ ማስጠንቀቅን ጨምሮ፣ ለሁሉም አቫሎኖች መደበኛ አደረገው። ስለዚህ የ2017 ወይም የ2018 አቫሎን የሚገዛ ሰው ደረጃውን ሳይመርጥ ያገኘዋል፤ ኢምፓላ የሚገዛው ግን እያንዳንዱን መኪና ለብቻው መመርመር አለበት።

የኢምፓላ 3.6 ሊትር ቪ6 ሞተር 305 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ 2.5 ሊትር ደግሞ 200 አይሞላም፤ ይህን የሚያህል ከባድ መኪና ሲጎትትም ድካሙ ይሰማል። አቫሎን በ3.5 ሊትር ቪ6 268 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ ቀለል ያለ በመሆኑም ከኢምፓላ እኩል ይሮጣል። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልኬት የኢምፓላ ቪ6 በከተማ ለመቶ ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ ሲጠጣ፣ የአቫሎን ቪ6 11 ሊትር ይበቃዋል፤ 2.5 ሊትር ሞተርንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ 200 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው የሃይብሪድ አቫሎን ግን በከተማም ሆነ በአውራ ጎዳና 6 ሊትር ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ይህን የሚያህል ሰፊ መኪና በትንሽ መኪና የነዳጅ ወጪ መንዳት መቻሉ ሌሎቹ ሊያካክሱት የማይችሉት ብልጫ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬም ይኸው ነው።

አቫሎን አዲስ ሳለ መነሻው 31 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን የኢምፓላ ከ27 ሺህ 500 ዶላር አካባቢ ይነሣ ነበር። ምርቶችን እየፈተሸ ለሸማቾች የሚያሳውቀው የአሜሪካ ድርጅት ኮንሲዩመር ሪፖርትስ በ2013 ኢምፓላን ፈትሾ ከመቶ 95 ነጥብ ሲሰጠው፣ አንድ የአሜሪካ ሴዳን በዚያ መመዘኛ ቀዳሚ ሲሆን ቢያንስ በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ያም ነጥብ በዋናነት ለጸጥታው፣ ለለስላሳ አካሄዱና ለስፋቱ የተሰጠ እንጂ ለስክሪኑ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ባሕርያት ዛሬም በደንብ በተያዘ ኢምፓላ ላይ ስለሚገኙ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ከ2016 ወዲህ ያለውን ባለ ቪ6 ቢመርጥ አይከፋም።

ክራይስለር 300 ለሌላ ዓይነት ገዢ ነው። የ2011 ዳግም ንድፉ የ2005ቱን ባለ ሰፊ ትከሻና ባለ ዝቅተኛ ጣሪያ አቋም ጠብቆ መስታወቶቹን አሰፋ፣ መልኩንም አለዘበ። ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚሰጥ፣ በምርጫም አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅስ በመሆኑ መሪውን ለሚወድ ሰው ከሁለቱ የተለየ ስሜት አለው፤ ባለ 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተሩም 363 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ባለ 8.4 ኢንች ስክሪኑ በዘመኑ ለአጠቃቀም ከቀለሉት አንዱ ሲሆን፣ ካርፕሌይ ያገኘው በ2017 ነው። በቪ6ቱ ላይ ከ2012 ጀምሮ የገባው ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ከቀድሞው ባለ አምስት በእጅጉ ይሻላል።

ነገር ግን ከ2012 እስከ 2014 የተሠሩ ባለ ስምንት ማርሽ 300ዎች ላይ ገዢው በጥንቃቄ ሊያየው የሚገባ ጉዳይ አለ። የማርሽ ዘንጋቸው ከተገፋ በኋላ ሁልጊዜ ወደ መሐል ስለሚመለስ ሹፌሩ መኪናውን በመቆሚያው ማርሽ ላይ ያደረገ መስሎት ሲወርድ መኪናው ሊንከባለል ይችል ነበር፤ በዚህም ምክንያት አምራቹ በ2016 ከሌሎች ሞዴሎቹ ጋር አንድ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለማስተካከያ ጠርቷል። ከ2015 ሞዴል ወዲህ ዘንጉ ቀርቶ በሚዞር ቁልፍ ተተክቷል። እንዲሁም እስከ 2015 ያሉት 300ዎች ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ጉድለት ያለባቸው ኤርባጎች ምክንያት በወጣው የማስተካከያ ጥሪ ውስጥ የገቡ ናቸው። ሁለቱም ማስተካከያዎች በነጻ የሚሠሩ ስለሆኑ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ ብሔራዊ የመንገድ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ያልተሠራ ጥሪ መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል፤ ሻጩ ቁጥሩን ለመስጠት ካንገራገረ ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል።