ሹፌር የሌለው፣ በኮምፒውተር የሚነዳ መኪና ሰው ቢገጭ ማን ይክፈል? ባለቤቱ ወይስ አምራቹ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ስር ቆሜ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ስናወራ፣ «ሹፌር ከሌለ ማንን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ?» አለኝ። ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም።

አንዱ መንገድ ባለቤቱን መያዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንቀጽ 2081፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሳይፈቀድለት የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም። የነዳው ኮምፒውተር ቢሆንስ? ለእኔ ያው ነው። የተገጨችው እናት መሪው በማን እጅ እንደነበር ማስረዳት አይጠበቅባትም። ታርጋውን ካወቀች ባለቤቱ ይገኛል። የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ነው።

ሌላው አምራቹን መክሰስ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2085 አምራቹ ዕቃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ስለሚል በሩን ይከፍታል። ሶፍትዌሩ ከተሳሳተ የሠራው ይክፈል ማለት ፍትሐዊ ነው። ግን ፋብሪካው ባሕር ማዶ ነው፤ የመኪናው መረጃም በእጁ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ አትክልት የምትሸጥ ሴት ይህን ክርክር በምን አቅሟ ትችለዋለች? በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የታክሲ አገልግሎት ኩባንያው የኡበር ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና እግረኛ ሲገድል፣ በወንጀል የተከሰሰችው መኪናው ውስጥ የነበረችው ተቆጣጣሪ ናት። ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም።

እኔ ባለቤቱን እመርጣለሁ። እሱና መድኑ ቶሎ ይክፈሉ፤ አምራቹን ደግሞ እነሱ ይከታተሉት። ብሪታንያም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መድን ሰጪው ቀድሞ እንዲከፍል፣ ከዚያ ከጥፋተኛው እንዲያስመልስ ወስናለች።