ቦስተን ሲምፎኒ ሆል፦ ትኬቱን ከላይኛው ባልኮኒ ግዙ

ቦስተን ስኖር ስንት ዓመቴ! በዚህ የሙዚቃ አዳራሽ አጠገብ ስንቴ እንዳለፍኩ እንጃ፣ ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር። ከውጭ ሲያዩት ብዙም አይስብም፤ ቀይ ጡብና ምሰሶ ነው። በረዶ በሚጥልበት አንድ ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ ጎትታ ወሰደችኝና ይኸው እስካሁን ወሬዬ እሱ ሆኗል።

አዳራሹ የተከፈተው በፈረንጆቹ ጥቅምት 1900 ነው። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የድሮ ቤት በመንገድና በምድር ባቡር ሥራ ምክንያት ሊነካ ነው ሲባል ነው ይሄኛው የተሠራው። መጀመሪያ የድሮውን ስም፣ «ቦስተን ሚዩዚክ ሆል»ን፣ ሊይዝ ነበርና የደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ቢ፣ ኤም፣ ኤች የሚሉት ፊደላት ዛሬም አሉ። ማንም ልብ አይላቸውም፣ እናንተ ፈልጓቸው።

ዋናው ታሪክ ግን የድምፁ ነው። ሃርቫርድ ውስጥ አንድ የማይረባ የትምህርት አዳራሽ ነበር፤ መምህሩ ቀጣዩን ቃል ሲጀምር ያለፈው ገና አየር ላይ ነው፣ ገደል ማሚቶ በሉት። አስተካክል የተባለው ዋላስ ሳቢን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። ምን አደረገ መሰላችሁ? ከተማው ጸጥ ሲል ማታ ማታ ከጎረቤት ቴአትር ቤት የወንበር ትራስ እያስጋዘ ይደረድራል፣ የኦርጋን ቧንቧ ያስጮሃል፣ ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይለካል፣ ከዚያ ሳይነጋ ትራሱን ይመልሳል። እንዲህ እየለፋ ነው አዳራሽ በሰፋ ቁጥር ድምፅ እንደሚቆይ፣ ጨርቅና ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ እንደሚጠጣ በቀመር ያስቀመጠው። ሲምፎኒ ሆል በዚህ ሳይንስ ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው የሙዚቃ አዳራሽ ነው።

ቅርጹ የጫማ ካርቶን ነው። ወርዱ 23 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 19። ድምፁ ከጎን ግድግዳ ቶሎ ይመለሳል፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ጎድጓዳዎችና ከላይ በግድግዳው ጉድጓዶች ውስጥ የቆሙት 16 ሐውልቶች ደግሞ ይበትኑታል። ሰው ሲሞላ ድምፁ 1.9 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ወንበሮቹ የዚያው የ1900 የቆዳ ወንበሮች ናቸው፣ ጠበብና ጠንከር ይላሉ። ወገብ ይታገሥ፤ ወፍራም ትራስ ቢደረግባቸው ሙዚቃውን ይጠጡት ነበር። የመድረኩ ወለል በፈረንጆቹ 2006 ሲቀየር እንኳ እንጨቱ ያው የድሮው ዓይነት ሆኖ ምስማሩ በእጅ ነው የተመታው።

የሰማሁት የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ነው። መድረኩ አናት ላይ የተጻፈው ስም የሱ ብቻ ነው፤ ኃላፊዎቹ በሌላ ስም መስማማት አልቻሉም አሉ። ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቫዮሊኖቹ በጣት ብቻ ይነካካሉ፣ ከዚያ ከበሮው እንደ ልብ ትርታ ቀስ ብሎ ይመታል። እኔ ሁለተኛው ባልኮኒ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ነበርኩ። እያንዳንዷ ጣት ጆሮዬ ሥር ነበረች። ከዚያ የናስ መለከቶቹ ሲፈነዱ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ማይክ የለ፣ ስፒከር የለ።

ትኬት ከላይ ግዙ፤ ይረክሳል፣ ለኔ ድምፁም ይበልጣል። የሲምፎኒ ባቡር ጣቢያ ደጁ ላይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ የተማረበት የሙዚቃ ኮሌጅ በርክሊም ዛሬ እዚያው ጎዳና ላይ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ሰፈሩን ዞር ዞር በሉበት።

ካፖርታችሁን ከታች አስቀምጡ። እኔ ያንን ትልቅ ጃኬት ጭኔ ላይ አድርጌ ነበርና ከበሮው ቀስ ባለበት ሰዓት ዚፑ «ክሪክ» አለች። አራት ወንበር ርቀው የተቀመጡ አሮጊት ዞረው አዩኝ።